አምስት ሽምብራ የያዘው ክረምት

ስለ ራሴ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሒሳብ መምህር ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ተማሪ ጠይቆኝ «አላውቅም» ያልሁበት ቀን የለም። የማላውቀው ነገር ስላልነበረ አይደለም። የማላውቀው ሲመጣብኝ ኮስተር ብዬ «ይህን የቤት ሥራ ሰጥቼሃለሁ» እላለሁ። በማግስቱ ልጁ ሠርቶት ሲመጣ «ጎሽ» እለዋለሁ፤ በዚያው እኔም እማራለሁ። ብዙ ነገር የተማርሁት እንዲህ እያስተማርሁ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን በአምስት ሽምብራ ይያዛል ብሎ ማን ይገምታል? እኔ ራሴ አልገመትሁም። ብገምት ኖሮ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ያን ያህል ድምፄን ባላሰማሁ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በግንቦት መጨረሻ ነው፤ ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን ክፍል ገብቶ የእኛን ወንበር ከመውሰዱ በፊት። ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ከውጭ አገር ያረጁ መጻሕፍት በካርቶን ተጭነው መጡ። አንዱ የጀልባ ጥገና የሚያስተምር ነበር፤ ለደብረ ማርቆስ ሰው መቼም ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ታውቁታላችሁ። ከመካከላቸው ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ አይጥ የበላው አንድ የቁጥር ጨዋታዎች መጽሐፍ አገኘሁ። እዚያ ውስጥ ነው ያንን ጨዋታ ያየሁት።

ጨዋታው ቀላል ነው። ባለ ካሬ ወረቀት ትወስዳላችሁ። እያንዳንዱ ካሬ ቤት ነው፤ እያንዳንዱም ቤት ዙሪያውን ስምንት አጎራባች ቤቶች አሉት። ቤቱ ወይ ሰው አለበት ወይ ባዶ ነው። ሰው ያለበት ቤት ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤት ካለው ይኖራል። ከሁለት ካነሱ በብቸኝነት ይሞታል፤ ከሦስት ከበዙ ደግሞ በጭንቅንቅ ይሞታል። ባዶ ቤት በትክክል ሦስት ጎረቤት ሲያገኝ ሰው ይወለድበታል። ይኸው ነው። ሟቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሞታል፣ ተወላጁ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወለዳል፤ ይህ አንድ ትውልድ ይባላል። ከዚያ በአዲሱ ትውልድ ላይ ያንኑ ሕግ እንደገና ትሠራላችሁ። የእናንተ ድርሻ መጀመሪያውን ማስቀመጥና መቁጠር ብቻ ነው። እኔን የገረመኝ፣ ይህን ያወጣው ሰው የእኛን ሰፈር ሳያይ ስለ ጎረቤት ይህን ያህል ማወቁ ነው።

ጥቂት ሞከርሁ። ሦስት በመስመር ሳስቀምጥ አንዴ እየተኙ አንዴ እየቆሙ ይገለባበጣሉ፤ ሌላ ነገር የላቸውም። አራት በካሬ ሳስቀምጥ ንቅንቅ አይሉም። አራት በመስመር በሁለት ትውልድ የንብ ቀፎ መስለው ይረጋሉ። አምስት በመስመር ደግሞ በስድስት ትውልድ አራት ተገልባጭ ሦስቶች ሆነው ቀሩ። ከዚህ በኋላ ጨዋታው ገባኝ አልሁ። ሰው ከአራት ምሳሌ በኋላ ገባኝ ሲል ብትሰሙ ከእኔ ተማሩና ዝም በሉ።

በማግስቱ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ለባልደረቦቼ አስረዳሁና፣ ከአምስት የማይበልጥ ነጥብ እንዴትም አድርጋችሁ ስጡኝ፣ በሁለት ደወል መካከል መጨረሻውን አሳያችኋለሁ ብዬ ተናገርሁ። ሁሉም ሻዩን ይጠጣል። የፊዚክስ መምህሩ ዘላለም ብቻ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዘላለም ከሲታ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሻይ ሲጠጣ ድምፅ የማይሰማበት ሰው ነው። መጽሐፉን ተቀብሎ አገላበጠና አይጥ ከበላው ምዕራፍ በፊት ያለውን ሥዕል ጥቁር ሰሌዳው ላይ ገለበጠው፤ ከላይ ሁለት፣ መሐል ላይ ሁለት ወደ ግራ ፈቀቅ ብለው፣ ከታች አንድ። አምስት።

«ይችን ጨርስልኝ» አለና ሻዩን አነሣ።

ጀመርሁ። አምስቱ ስድስት ሆኑ። ስድስቱ ሰባት፣ ሰባቱ ዘጠኝ ሆኑ። ዘጠኙ ስምንት ሲሆኑ «ይኸው፣ መመለስ ጀመረ» ብዬ ለተሰበሰቡት አወጅሁ። በሚቀጥለው ዘጠኝ፣ በሚቀጥለው ዐሥራ ሁለት። ደወል ተደወለ። ክፍል ገብቼ ተማሪዎቹን ክለሳ ሥሩ ብዬ በጠመኔ ሳጥኑ ላይ ቀጠልሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ነገሩ የፈሰሰ ቀለም መስሎ ነበር።

ሳምንት አለፈ። ደብተሬ አለቀ። አራት ወረቀት በሊጥ አጣብቄ ቀጠልሁ፤ ላጲስ ወረቀቱን በሳው። ትምህርት ሲዘጋ ዘላለም በባልደረቦቻችን ፊት፣ በዚያው ቀስ ባለ ድምፁ፣ እንግዲህ ክረምቱን ሙሉ ሰጥቼሃለሁ አለኝ። መስከረም ላይ መጨረሻውን ይዤ ካልመጣሁ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ በድምፅ ማጉያው ለተማሪው ሁሉ «አላውቅም» ብዬ እንድናገር። ከጨረስሁ ደግሞ እሱ በዚያው ድምፅ ማጉያ ብልጫዬን ይናገራል። መምህራኑ ሁሉ ምስክር ሆኑ። እኔ ክረምቱ ይበዛብኛል፣ ሁለት ሳምንት ይበቃል አልሁ።

ወረቀቱ እንደማይበቃኝ ሲገባኝ ወደ ሳሎናችን ወለል ወረድሁ። ባለቤቴ ይታይሽ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ያለው እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። ሜትሯንና የልብስ መቁረጫ ጠመኔዋን ወስጄ ሲሚንቶውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በሁለት ጣት ስፋት ከፋፈልሁት። ሶፋው በረንዳ ወጣ። ለነዋሪ ሽምብራ፣ ሊወለድ ላለው ቤት ምስር፣ ሞት ከተፈረደበት ሽምብራ አጠገብ አንዲት የገብስ ፍሬ። ይታይሽ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ስንት ቀን ነው የሚቆየው አለች። ሁለት ሳምንት አልኋት። እሷ ደንበኞቿን ሁለት ሳምንት ብላ ቀጥራ በስንት እንደምታስረክብ ታውቃለች።

በስድሳ ዘጠነኛው ትውልድ ላይ አንድ ነገር ሆነ። ከትርምሱ ጠርዝ አምስት ሽምብራዎች ተገንጥለው ወጡ። ቅርጻቸውን ይለዋውጣሉ፤ በአራተኛው ትውልድ የቀድሞ መልካቸውን ይዘው አንድ ቤት በማዕዘን ፈቀቅ ብለው ይገኛሉ። እንዲህ እያሉ ቤተሰቡን ትተው መንገድ ጀመሩ። ለይታይሽ ጠርቼ አሳየኋት። «እነዚህስ ዐወቁ» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። መንገደኞቹ ግድግዳ ሲደርሱ ከዚያ ወዲያ የሚያገኛቸው ስለሌለ ሸኝቼ አነሣኋቸው።

በሐምሌ አጋማሽ አማቴ መሪጌታ ልሣነወርቅ ከዲማ መጡ። ጉልበታቸውን ታመው ለሕክምና ነው፤ ክረምቱን እኛ ዘንድ ሊቀመጡ። መሪጌታ በዲማ ጉባኤ ቤት የቅኔ መምህር ናቸው። ልጃቸውን ለአስኳላ ሰው መስጠታቸው ከቆጫቸው አራት ዓመት ሆኗል፤ በእነዚያ አራት ዓመታት አንድም ቀን ቀጥታ አናግረውኝ አያውቁም። ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ «ይታይሽ፣ ለባልሽ ንገሪው፣ ውጭ ዝናም አለ» ይላሉ። እኔም «ይታይሽ፣ አባታችን ጋቢ ይጨመርልዎ ወይ በያቸው» እላለሁ። ይታይሽ በመካከል እንደ ስልክ ቤት ሠራተኛ ሆና ኖረች።

አልጋቸው ከሳሎኑ ግድግዳ ሥር ተዘረጋ። ዳዊታቸውን እየደገሙ ከላይ ወደ ታች ያዩኛል። በአራተኛው ቀን ይታይሽን ጠሩና፣ ለባልሽ ንገሪው፣ ይህ ነገር የሚያበቃው በስንተኛው ትውልድ ነው አሉ። እኔ ጉልበቴን እያሻሸሁ ቀመሩን እያዘጋጀሁ ነው አልሁ። እውነቱን ለመናገር ቀመር የሚባል ነገር በአጠገቤ አልነበረም።

መሪጌታ ዕድል አገኙ። ባሕረ ሐሳብ የሚባለውን የዘመን አቆጣጠር እኛ በጣታችን ነው የምናውቀው አሉ። የዛሬ ሺህ ዓመት ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል ለማወቅ ሺህ ዓመት መኖር አያስፈልገንም፤ መጥቅዑንና አበቅቴውን አውጥተን አሁኑኑ እንናገራለን። «ለባልሽ ንገሪው፤ የአምስት ሽምብራ መጨረሻ ያቃተው ትምህርት ምን ትምህርት ነው?»

ይህች ነገር ከዘላለም ድምፅ ማጉያ ይልቅ ወጋችኝ። ያን ሳምንት ቀመር ፍለጋ ገባሁ። የየትውልዱን ብዛት ደብተር ላይ ጽፌ፣ መስመር ሥዬ፣ በመቶ ኀምሳ ያልቃል አልሁ። መቶ ኀምሳ ሲደርስ ከበፊቱ ብሶ ተገኘ። እንግዲያው በሦስት መቶ ነው አልሁ። ሦስት መቶ ሲደርስ አንደኛው ጫፍ ጸጥ ብሎ ተስፋ ሲሰጠኝ፣ ሌላኛው ጫፍ ፈንድቶ ከስፌት መኪናው ሥር ገባ። መሪጌታ ይህን ሲያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉና «ይታይሽ፣ የእኛ ቅኔ ቤት ይመታል፤ የባልሽ ነገር ቤት መምታት ቢያቅተው ቤታችንን መታው» አሉ። ይታይሽ ሳቀች። እኔም ቅኔው ጥሩ ስለነበረ ሳልወድ ሳቅሁ።

ክረምቱ በረታ። ጣሪያው በአንድ ጥግ ያፈስ ነበርና እዚያ የነበሩት ጥቂት ሽምብራዎች ርሰው በቀሉ። በጨዋታው ሕግ ሦስቱ በብቸኝነት ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከነገብሳቸው ሳላነሣቸው ቀርቼ ነው። እነሱ ግን መሞታቸውን አልሰሙም፣ ቅጠል አወጡ። ሙታኑን ነቅዬ አነሣሁ፣ የቀሩትን በደረቅ ቀየርሁ።

ከዚያ የዶሮዋ ቀን መጣ። ፍልሰታ ነበር። አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ለክታ ስትወጣ በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው። እኔ ጓዳ ነበርሁ። ይታይሽ ዶሮዋን ስታይ ጮኸች፤ ሮጬ ስመጣ የጎረቤት ዶሮ በአራት መቶ ዐሥራ ሁለተኛው ትውልድ መሐል ቆማ ትለቅማለች። ሳባርራት ደግሞ በክንፏ የቀረውን በተነችው።

ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። የሞኝነቴን ጥልቀት አሁን ልንገራችሁ። ደብተሬ ላይ የጻፍሁት የትውልዱን ቁጥርና የነዋሪውን ብዛት ብቻ ነው። ማን የት ቤት እንዳለ አንድም ቀን አልጻፍሁም፤ ወለሉ ላይ እያለ መጻፉ ምን ይሠራል ብዬ። ከአምስቱ እንደገና መጀመር ማለት አንድ ወር ሙሉ ወደ ኋላ ነው፤ መስከረም ደግሞ አይጠብቅም። ይታይሽ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማለች፤ ልጥረገው ወይ ለማለት አልደፈረችም።

ከአልጋው በኩል ድምፅ መጣ። «ከበሩ በኩል ቁጠር። ሦስተኛው መስመር፣ ከግድግዳው ሰባተኛውና ስምንተኛው ቤት።»

ቀና ብዬ አየሁ። ይታይሽን ሳይሆን እኔን ነው የሚያዩት።

«ምን ትጠብቃለህ? አስቀምጥ እንጂ» አሉኝ።

አስቀመጥሁ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው መስመር በመስመር ይነግሩኛል፤ እኔ በጉልበቴ እየዳኽሁ አስቀምጣለሁ። አንዳንድ ቦታ ሲደርሱ ዜማ ያደርጉበታል፤ ያን ጊዜ አይሳሳቱም። አንድ ቦታ ተጠራጠሩና ከሁለት መስመር በፊት ተመልሰው ጀምረው አገኙት። ስንጨርስ ቆጠርሁ። ደብተሬ ላይ ከጻፍሁት ቁጥር አንዲት አልጎደለችም፣ አንዲት አልተረፈችም። እንዴት እንደያዙት ስጠይቃቸው ተገረሙ። ድጓውን በቃሌ የያዝሁ ሰው የአንድ ሳሎን ሽምብራ ያቅተኛል ብለህ ነው ወይ አሉኝ። ከዚያ በፊት የነበረውንም ትውልድ ከፈለግሁ ሊነግሩኝ ይችላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን እየጠፋባቸው ነው፣ እርጅና ነው አሉ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀመር እንደሌለኝ ነገርኋቸው። ይህ ነገር በአቋራጭ የሚደረስበት አይመስለኝም፣ መጨረሻውን ለማየት ያለው መንገድ አንድ በአንድ መሄድ ብቻ ነው አልሁ። ይሥቁብኛል ብዬ ነበር። አልሣቁም። እንዲህ ያለም ቁጥር አለ ለካ አሉና በትራቸውን ተመርኩዘው ከአልጋ ወደ በርጩማ ወረዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ አስቀማጭ፣ እሳቸው አራሚ ሆንን። ደብተሩም የየመስመሩን ቤት መያዝ ጀመረ። ስሳሳት በበትራቸው ጫፍ ሽምብራዋን ነካ ያደርጋሉ፤ የቅኔ ተማሪዎቻቸውን በዚያው በትር ምን እንደሚያደርጓቸው ስለማውቅ በርትቼ ሠራሁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን የልብስ ሰፊ ቤት የአደባባይ ያህል ነው። ሊለካ የሚመጣ ሁሉ ወለሉን ያያል፣ ሲወጣ ያወራል። አንድ ማለዳ ወይዘሮ ስመኝ የምትባል ጎረቤታችን ነጠላዋን አስተካክላ ገባችና በርከክ ብላ፣ አህያዋ ከጠፋች ሦስት ቀን መሆኑን ነገረችኝ። አዘንሁ። እሷም ጠጠሩን ጥዬ እንድነግራት ለመነችኝ። ጠጠር ጣይ አለመሆኔን፣ ይህ ሒሳብ መሆኑን አስረዳኋት። አዎ፣ እሱንማ ዐውቃለሁ፣ ሒሳብህን ጣልልኝ አለች። በዚያ መሐል አምስት መንገደኞች ከትርምሱ ተገንጥለው ወደ በሩ ማዕዘን ሲያመሩ አየች። ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻቸው።

«ወደ አምበር ነው» ብላ ተነሥታ ወጣች።

በሁለተኛው ቀን አህያዋን ከአምበር እየነዳች መጣች። አህያይቱ ከመጀመሪያው የተገዛችው ከአምበር ገበያ ነው፤ አህያ ደግሞ ወደ ለመደችበት ትሄዳለች። ይህን ለማንም ሰው ብናገር የሚሰማኝ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ በራችን ተጨናነቀ። የልጇን ፈተና ውጤት የምትጠይቅ መጣች። መሐን ነኝ ያለች መጣች። ከቁይ ድረስ የመጣ አንድ ነጋዴ በቅሎ ልግዛ ወይስ ልተው አለኝ። ይታይሽ ሕዝቡን ለልብስ መስፋት ብቻ ነው የምንቀበለው ብላ ብትመልስ፣ ግማሹ ጨርቅ ይዞ ተመለሰ። የዚያን ክረምት ያህል ሥራ በዝቶላት አያውቅም።

እኔ ነገሩ አሥቆኝ ነበር፤ ከዲማ መልእክት እስኪመጣ ድረስ። መሪጌታ ልሣነወርቅ ደብረ ማርቆስ ጠንቋይ ቤት ተቀምጠው ክረምቱን ጠጠር ሲያስጥሉ ከረሙ ተብሎ ወሬው ከጉባኤያቸው ደርሷል። ነገሩ እውነት ከሆነ ወንበራቸው ላይ ሌላ መምህር ይቀመጣል ነው መልእክቱ። አርባ ዓመት ያስተማሩበት ወንበር ነው። መሪጌታ መልእክቱን ሰሙ። ያን ቀን ወደ አልጋቸው ተመልሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሽምብራውን ልጥረገው አልኋቸው፤ ከልቤ ነው። አሁን ብትጠርገው ጠንቋይ ነበርን፣ ተይዘን አቆምን ማለት ነው አሉ፣ ሳይዞሩ።

በማግስቱ የንስሐ አባታችን ቄስ አዱኛ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ቄስ አዱኛ ቁጡ ሰው አይደሉም፤ እንዲህ ያለ ሰው አዝኖ ሲመጣ ግን ከቁጣ ይብሳል። ይታይሽ ወንበር አቀረበች፤ አልተቀመጡም። መሪጌታ ተነሥተው ተቀመጡ። ቄሱ ወለሉን ዳር እስከ ዳር አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። የዚህን ነገር መጨረሻ ታውቀዋለህ?»

ምላሴ ጫፍ ላይ የነበረውን ልንገራችሁ። «በሚገባ» የሚል ነበር። ልማድ ነው። በዘጠኝ መቶ ያልቃል ብዬ ቁጥር ሁሉ ልጨምርበት ነበር። ከቄሱ ትከሻ በላይ መሪጌታን አየኋቸው። በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን ያያሉ።

«አላውቅም፣ አባቴ» አልሁ።

ቃሉ ሲወጣ ከጠበቅሁት ቀለለኝ። ስለዚህ ጨመርሁበት። ሁለት ወር ሙሉ ዐውቃለሁ ስል እንደነበረ፣ አንዱም እንዳልሆነ፣ ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ ይሁን፣ ጭራሽ ያበቃም ይሁን አያበቃ እንደማላውቅ ነገርኋቸው።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰሙ፣ ቄስ አዱኛ? ጠንቋይ የማያየውን ዐውቃለሁ ይላል። ይህ ሰው ዓይኑ እያየው አላውቅም አለ። ጥንቆላው የቱ ላይ ነው?»

«እርስዎስ ያውቃሉ?» አሏቸው ቄሱ።

«እኔም አላውቅም። ለማወቅ ነው አማቼና እኔ ቁጭ ያልነው።»

ቄስ አዱኛ ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። ሕጉን አስረዱኝ አሉ። መሪጌታ አስረዷቸው፤ እኔ ካስረዳሁት በጣም ባጠረ ቃል። ቄሱ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አጎንብሰው ሲያዩ ቆዩና በጣታቸው አመለከቱ። «ያቺ ባዶ ቤት ሦስት ጎረቤት የላትም እንዴ? ለምን ምስር አልተደረገላትም?»

እውነታቸውን ነበር። ሁለታችንም አልፈናት ነበር። ምስር አደረግሁላት። ቄስ አዱኛ ያን ዕለት አራት ትውልድ አብረውን ቆጥረው ሄዱ፤ ለዲማ ጉባኤም የተላከው ደብዳቤ በእሳቸው እጅ ተጻፈ። ደብዳቤው መሪጌታ ትዕግሥት የሚያስተምር ትምህርት ላይ ናቸው ይላል። እኔ ብጽፈው ይህን ያህል አያምርልኝም።

ጳጉሜን ላይ ነገሩ እየበረደ መጣ። አንዱ ጥግ ጸጥ ይላል፣ ሌላው ይከተላል። እኔ በየቀኑ ነገ ያበቃል ለማለት አፌ ይከፈታል፤ መሪጌታ ያዩኛል፤ እዘጋዋለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ከምሳ በፊት የሚወለድም የሚሞትም ጠፋ፤ ከሚገለባበጡት ሦስት ሦስቶች በቀር። ደግመን ቆጠርን። ሦስተኛም ቆጠርን። አራት አራት ሆነው የተቃቀፉ ስምንት ካሬዎች፣ አራት ቀፎዎች፣ አራት ተገልባጮች፣ ሌሎችም ሦስት ነጠላ ቅርጾች ወለሉ ላይ ረግተዋል። ስድስት ቡድን መንገደኞች በየአቅጣጫው ከቤት ወጥተዋል። ደብተሬ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሦስተኛ ትውልድ ይላል።

መሪጌታ ተነሥተው ቆሙ፣ «ስብሐት ለእግዚአብሔር» አሉ፣ ከዚያም ይታይሽን ጠርተው አሳዩአት። ይታይሽ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ መጣች። አንድ ሰፈር ሰው ሁሉ ከድካሙ ያረፈ ይመስል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከዓመታት በኋላ ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ሲገባለት፣ አንድ ወጣት የኮምፒውተር መምህር እነዚያን አምስት ነጥቦች እንዲያስገባልኝ ለመንሁት። ኮምፒውተሩ ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ ጨረሰ። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሦስት ይላል። ወጣቱ ለምን እንደተቀመጥሁ አልገባውም።

መስከረም ላይ ትምህርት ተከፈተ። ዘላለም የገባውን ቃል ጠበቀ፤ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ስለ እኔ ብልጫ በዚያ ቀስ ባለ ድምፁ ተናገረ፤ ከሁለተኛው ረድፍ በኋላ የሰማው የለም። ማጉያውን ተቀብዬ፣ ሥራውን የሠራሁት ብቻዬን እንዳልሆነ፣ ሳላውቅ ዐውቃለሁ ባልሁበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ ተሳስቼ እንደነበረ ነገርኋቸው። ተማሪዎቹ ይህን ሰሙ። የዚያን ዓመት ሁሉ «ቲቸር፣ ይህንንስ ያውቁታል?» እያሉ ጥያቄ አዘነቡብኝ፤ አንዳንዱን አውቀው ነበር፣ አንዳንዱን አላውቅም እል ነበር፤ ሒሳብ ክፍሌ እንደዚያ ዓመት ደምቆ አያውቅም። ዘላለምን በኋላ ብቻውን አግኝቼ መልሱን ከመጀመሪያው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሥዕሉ አምሮኝ ነው የገለበጥሁት አለኝ።

ለመስቀል ሳምንት ሲቀረው መሪጌታን ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኘናቸው። ጉልበታቸው ድኗል፣ ዲማም ወንበራቸው እየጠበቃቸው ነው። መቀመጫቸውን አግኝቼ ጓዛቸውን ካስቀመጥሁ በኋላ በመስኮቱ ጠርተው አንዲት የታጠፈች ወረቀት ሰጡኝ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው በራሳቸው እፍኝ ሽምብራ ሲሞክሩ ከርመዋል ለካ። «ይችን እኔ ሁለት መቶ ድረስ ሄድሁባትና ደከመኝ» አሉኝ። «ስንት እንደምትሄድ ልትነግረኝ ትችላለህ?»

«አልችልም» አልሁ።

«ደግ። እንግዲያው ጀምር። እኔም ዲማ እጀምራለሁ፤ በየመቶው በደብዳቤ እንተያያለን።»

አውቶቡሱ ተነሣ። ወረቀቱን ገለጥሁት። ሰባት ነጥቦች ናቸው፤ ከላይ አንድ፣ ከሥሯ ፈንጠር ብላ አንድ፣ ከታች አምስት፣ ሁለትና ሦስት ሆነው ተራርቀው። ሰባት ነጥብ ምን ያህል ይሄዳል ብዬ ቆሜ ሳስብ ይታይሽ ከጀርባዬ መጥታ ወረቀቱን አየችው። አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

«መኝታ ቤት ጀምረው» አለች። «ሳሎኑ የመስቀል ልብስ ደርሶበታል።»